የነጋዴው ኑዛዜ፤ ስለ ራግቢ ከተማ ትምህርት ቤት ታሪክና ልማድ

ሰው ከዚህ ዓለም ሲለይ ለልጆቹ ቤት ወይም ርስት ወይም ገንዘብ ትቶ ያልፋል። ከዚህ አልፎ ላልወለደው ለጎረቤቱ ልጅ፥ ገና ላልተፈጠረውም ትውልድ የሚናዘዝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ እንዲህ ያለውን ኑዛዜ የሚመለከት ነው። ኑዛዜውም በእንግሊዝ አገር በራግቢ ከተማ የሚገኘውን ትምህርት ቤት የወለደ ነው። ብዙ ሰው የራግቢን ስም የሚያውቀው በሞላላ ኳስ ከሚደረገው ጨዋታ የተነሣ ነው። ይህ ስም ግን አስቀድሞ የአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ስም፥ ከዚያም የከተማዪቱ ትምህርት ቤት ስም ነበረ፤ ለጨዋታው የተሰጠው በመጨረሻ ነው።

ይህን ታሪክ በቤተ ሰብ ገጻችን ማውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አባትና እናት ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት በሚሰዱበት ጊዜ አደራ የሚሰጡት ለመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱ ልማድም ጭምር ነው። መምህሩ ያስተማረው ትምህርት በደብተር ይጻፋል፤ ልማዱ ግን ማንም ሳይጽፈው በልጁ ጠባይ ላይ ይቀረጻል። ከራግቢ ልማዶች አንዳንዶቹ መልካም፥ አንዳንዶቹ ክፉ፥ አንዳንዶቹም እውነትነታቸው ያልተረጋገጠ ናቸው። ይህን ሁሉ እየለዩ መመልከት ልጁን በማናቸውም ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ወላጅ የሚጠቅም መሆኑን እናምናለን። አንባቢ እንዳይሳሳት ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ኑዛዜው

ራግቢ ከሎንዶን ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በዎሪክሽር አውራጃ የምትገኝ ከተማ ናት። ሎሬንስ ሸሪፍ የተባለው ሰው የዚሁ አገር ተወላጅ ነበረ። በወጣትነቱ ወደ ሎንዶን ሄዶ ንግድ ተማረ፤ የቅመማ ቅመምና የልዩ ልዩ ሸቀጥ ነጋዴም ሆነ። በዚያ ዘመን ቅመም ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣ ዋጋው የከበደ ዕቃ ስለ ነበረ፥ በዚህ ንግድ የተሳካለት ሰው ከታላላቆች ቤት ጋራ ይገናኝ ነበር። ሸሪፍም ኋላ ንግሥት ለሆነችው ለልዕልት ኤልሳቤጥ ቤት ዕቃ ለማቅረብ በቃ።

በ1567 ኑዛዜውን ባጻፈ ጊዜ የተወለደበትን አገር አልረሳም። የራግቢና በአጠገቧ ያለችው የብራውንሶቨር መንደር ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቆም፥ ደግሞም አራት ድኾች ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት እንዲሠራ አዘዘ። መጀመሪያ ለዚህ ሥራ የመደበው ገንዘብ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠና በገንዘቡ ፈንታ ከሎንዶን ቅጥር ውጭ ከነበረው መሬቱ ሲሶውን፥ 8 ኤከር ያህል የሚሆነውን፥ ለትምህርት ቤቱ አወረሰ። ይህን አድርጎ በዚያው ዓመት ሞተ።

ይህች ትንሽ ለውጥ የትምህርት ቤቱን ዕድል የወሰነች ሆነች። መሬቱ በዚያን ጊዜ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር፤ ኪራዩም ጥቂት ነበር። ነገር ግን ሎንዶን ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋች ሄዳ ሜዳውን ደረሰችበት፤ ሣር የበቀለበትም ስፍራ መንገድና ቤት ሞላበት። ስለዚህ የመሬቱ ኪራይ በብዙ እጥፍ አደገ። ሸሪፍ ገንዘቡን ብቻ ትቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በጥቂት ዘመን ባለቀ ነበር። መሬቱ ግን እንደ ወላድ ላም ሆኖ እስከ ዛሬ ይታለባል።

የሆነ ሆኖ ሀብት ባለበት ክርክር አይጠፋም። ሸሪፍ ከሞተ በኋላ በርስቱ ምክንያት ረጅም ሙግት ተነሣ፤ ትምህርት ቤቱም ለብዙ ዓመት በችግር ኖረ። መጀመሪያ የቆመው በከተማዪቱ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በነበረ ቤት ነው። በ1750 ገደማ ዛሬ ወዳለበት ስፍራ ተዛወረ። የመሬቱ ገቢ እያደገ በሄደ ጊዜ የትምህርት ቤቱም ዝና ተሰማ፤ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ የባለጠጎች ልጆችም ገንዘብ እየከፈሉ በከተማዪቱ ውስጥ እያደሩ ይማሩ ጀመር።

ባሩድ የተቀጣጠለበት ዓመት

ብዙ ወንዶች ልጆች ከአባትና ከእናት ርቀው በአንድ ስፍራ ሲሰበሰቡ የሚመራቸው ጽኑ እጅና ፍቅር ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ዘመን በራግቢ አለንጋው ነበር፤ ፍቅሩ ግን ጥቂት ነበር። የዚህም ፍሬ በ1797 ታየ።

በዚያ ዓመት ሄንሪ ኢንግልስ የሚባል ዲሬክተር ነበረ። ተማሪዎቹ በከተማዪቱ ውስጥ መስኮት ሰብረው ነበርና ዲሬክተሩ ካሳውን እንዲከፍሉ ፈረደባቸው። ልጆቹም ተቈጥተው የክፍሉን በር በባሩድ አፈነዱት፤ መጻሕፍትንና ወንበሮችንም አውጥተው በሜዳ ላይ አቃጠሉ። ዲሬክተሩ በከተማዪቱ የነበሩትን ወታደሮች ወደ ርዳታ ጠራ። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ወዳለው፥ በዚያን ጊዜ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ጉብታ ሸሹ። ሹሙ ፊት ለፊት ቆሞ የሕጉን አዋጅ ሲያነብላቸው ወታደሮቹ በስተኋላ በውሃው ውስጥ ተሻግረው ያዟቸው። አንዳንዶቹ ተባረሩ፤ የቀሩት ተገረፉ። የአመፁ መሪ ነበረ ተብሎ የሚነገርለት ልጅ ኋላ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ጄኔራል ሆነ።

ጉብታው ዛሬም አለ፤ ተማሪዎችም ታሪኩን እየሳቁ ያወሩታል። እኛ ግን ከሣቁ በስተኋላ አንድ ቁም ነገር እናያለን። ልጅ የሚታዘዝለትን ሰው ካላከበረ ቅጣት ብቻውን አይገራውም፤ ቀን ይጠብቃል እንጂ።

ዶክቶር አርኖልድ

በ1828 ቶማስ አርኖልድ የሚባል የ33 ዓመት ሰው ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። ካህንና የታሪክ ሊቅ ነበረ። ራግቢ በዚያን ጊዜ 2,500 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የምድር ባቡር ገና አልደረሰላትም ነበር። ይህ ሰው በ14 ዓመት ውስጥ የትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት በእንግሊዝ አገር ሁሉ የሚጠቀስ እንዲሆን አደረገው።

አርኖልድ ያደረገው ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ በታላላቆቹ ተማሪዎች ላይ ነው። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ማዘዝ የቆየ ልማዳቸው ነበር። እርሱ ይህን ሥልጣን አልነጠቃቸውም፤ ነገር ግን በሥልጣኑ ላይ ኀላፊነት ጨመረበት። የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች እርሱ ራሱ ያስተምራቸው፥ ቤቱም እየጠራ ያነጋግራቸው ነበር። የታናናሾቹ ጠባይ ቢበላሽ ተጠያቂዎቹ እነርሱ መሆናቸውን ይነግራቸው ነበር። ደግሞ ተማሪ የነገረውን ቃል ያለ ምስክር ይቀበል ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ «አርኖልድን መዋሸት ነውር ነው፤ የነገሩትን ያምናልና» ይባባሉ እንደ ነበረ ተጽፏል።

ከዚህም ሌላ ከላቲንና ከግሪክ ቋንቋ ጋራ የሒሳብ፥ የዘመናዊ ታሪክና የፈረንሳይኛ ትምህርት ቦታ እንዲያገኙ አደረገ። ቀድሞ ከሩቅ የመጡት ተማሪዎች በከተማዪቱ ሴቶች ቤት ተከራይተው ያድሩ ነበር፤ እርሱ ግን እያንዳንዱን ማደሪያ ለአንድ መምህር አስረከበ። መምህሩም ከነቤተ ሰቡ በዚያ እየኖረ እንደ አባት ሆኖ ይጠብቃቸው ጀመር። በየእሑዱም አርኖልድ ራሱ በጸሎት ቤቱ ቆሞ ይሰብክ ነበር። በ1842፥ 47ኛው የልደት ቀኑ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፥ ድንገት ሞተ፤ በዚያው በጸሎት ቤቱም ተቀበረ። ኋላ የኦሎምፒክን ጨዋታ እንደገና ያቋቋመው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርተን የአርኖልድን መቃብር ተሳልሟል፤ የትምህርትና የስፖርት አሳቡንም ከራግቢ እንደ ቀዳ ይናገር ነበር።

ስለ ታናናሾቹ ልጆች

ይሁን እንጂ አርኖልድ ያላጠፋው አንድ ልማድ ነበር። ይኸውም ታናሹ ተማሪ ለታላቁ ተማሪ አሽከር ሆኖ የሚያገለግልበት ልማድ ነው። ታናሹ ጫማ ይጠርጋል፤ ዳቦ ይጠብሳል፤ እሳት ያነዳል፤ ወደ ገበያም ይላካል። አርኖልድ ይህን ልማድ በሥርዓት ከያዙት ታናሹን የሚጠብቅ ነው እያለ ይደግፈው ነበር። ጌታው መልካም ልጅ የሆነ እንደ ሆነ በእውነትም ታናሹን ከሌሎች ጡጫ ያድነው ነበር። ጌታው ክፉ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ታናሹ የሚጮኽበት ሰው አልነበረውም።

በአርኖልድ ጊዜ በዚያ የተማረው ቶማስ ሂዩዝ በ1857 «የቶም ብራውን የትምህርት ቤት ዘመን» የሚባለውን ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ፍላሽማን የሚባል ጨካኝ ልጅ ታናሹን ቶምን በእሳት ፊት ይዞ ሲያቃጥለው ይነበባል። ሂዩዝ ትምህርት ቤቱን እጅግ ይወድ ነበር፤ ቢወደውም ክፋቱን አልሸሸገም። መጽሐፉ በብዙ አገር ስለ ተነበበ የራግቢን ስም ያስጠራው ከማናቸውም በላይ እርሱ ነው።

«የአሊስ ጀብዱ በድንቅ አገር» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ የደረሰው ሊዊስ ካሮል ደግሞ አርኖልድ ከሞተ በኋላ፥ ከ1846 እስከ 1849 በራግቢ ተምሯል። በትምህርቱ ብርቱ ነበረ፤ ሽልማትም አግኝቷል። ነገር ግን ካደገ በኋላ እነዚያን ሦስት ዓመታት በምንም ዋጋ ቢሆን ዳግመኛ ለማሳለፍ እንደማይወድ ጽፏል። ለወላጆቹ የደረሳቸው የውጤት ወረቀት መልካም ነበር፤ የልጁ ሌሊት ግን በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

እኛም በአገራችን ይህን የሚመስል ልማድ እናውቃለን። በቆሎ ትምህርት ቤት ታላቁ ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ ታናሹም ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ለሁሉም እህል ለምኖ ያመጣል። በዚህ ልማድ ከብዙ ትውልድ ሊቃውንት ወጥተውበታል። ምስጢሩ ታላቁ ከታናሹ የሚቀበለውን አገልግሎት በትምህርት መመለሱ ነው። አገልግሎቱ ቀርቶ ትምህርቱ ቢቀጥል ጉዳት የለውም፤ ትምህርቱ ቀርቶ አገልግሎቱ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን ግፍ ይሆናል። በራግቢም ይህ የአሽከርነት ልማድ ዛሬ የለም። በእንግሊዝ አገር በግል ትምህርት ቤቶች ተማሪን መግረፍም በ1998 በወጣው ሕግ ተከልክሏል።

ስለ ኳሱ

አሁን ወደ ጨዋታው እንመለስ። በትምህርት ቤቱ ቅጥር ላይ በ1900 የተተከለ ድንጋይ አለ። ድንጋዩም ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ በ1823 በጨዋታ ላይ ሳለ የጊዜውን ሕግ ንቆ ኳሱን በክንዱ ታቅፎ መሮጡን፥ የራግቢም ጨዋታ ከዚያ መወለዱን ይናገራል። ከ1987 ጀምሮ የዓለም ዋንጫ የሚያሸንፈው ቡድን የሚሸለመው ዋንጫም በዚሁ ልጅ ስም ተጠርቷል።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ምስክሩ ግን ቀጭን ነው። ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈው ማቲው ብሎክሳም የተባለ የቀድሞ ተማሪ በ1876 ሲሆን ይህም ነገሩ ሆነ ከተባለ ከ53 ዓመት በኋላ ነው። ብሎክሳም ራሱ ከ1823 በፊት ከትምህርት ቤቱ የወጣ ስለ ነበረ ነገሩን በዓይኑ አላየም። ኤሊስ ቄስ ሆኖ ኖረ፤ በ1872ም በፈረንሳይ አገር ሞተ፤ ስለዚህ ነገር የተናገረው ቃል አልተገኘም። በ1895 የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ምርመራ በጀመረ ጊዜ ቶማስ ሂዩዝ በ1834 ትምህርት ቤቱ ሲገባ ስለ ኤሊስ ምንም እንዳልሰማ መሰከረ። ማኅበሩ ግን ድንጋዩን ተከለ።

የተረጋገጠው ታሪክ ከዚህ ያነሰ አያምርም። ጨዋታውን የፈጠረው አንድ ጀግና አይደለም፤ በብዙ ዓመት ውስጥ በዚያ ሜዳ የተጫወቱ ልጆች ሁሉ ናቸው። በ1845 ሦስት ታላላቅ ተማሪዎች ተቀምጠው 37 የጨዋታ ሕግ ጻፉ፤ ሕጉም ታተመ። መምህር አላዘዛቸውም፤ እርስ በርሳቸው ተከራክረው ተስማሙ እንጂ። ከ48 ዓመት በፊት በር በባሩድ ያፈነዱ ልጆች በነበሩበት ግቢ የእነርሱ ተተኪዎች ሕግ አውጪዎች ሆኑ። ልጆች ተማምነው ሥልጣን የተሰጣቸው እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርጉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምስክር አይገኝም።

በ1839 ንግሥት አደላይድ ትምህርት ቤቱን ልትጐበኝ በመጣች ጊዜ የአንዱ ማደሪያ ተጫዋቾች ቀይ የከፈይ ቆብ ደፍተው በፊቷ ተጫወቱ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ለብሔራዊ ቡድን ለተሰለፈ ተጫዋች ቆብ የመስጠት ልማድ ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። ክሪክ ወደምትባለው መንደር የሚደረገው ረጅም የአገር አቋራጭ ሩጫም ከ1830ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኖረ የትምህርት ቤቱ ልማድ ነው።

በዚህ ክብር ውስጥ የከተማዪቱ ሠራተኞች ቤተ ሰብም ድርሻ አለው። ዊልያም ጊልበርትና ሪቻርድ ሊንደን የሚባሉ ጫማ ሰፊዎች ለተማሪዎቹ ኳስ ይሰፉ ነበር። በዚያ ዘመን በቆዳው ውስጥ የሚገባው የአሳማ ፊኛ ነበር፤ ሰውም በአፉ ይነፋው ነበር። የሊንደን ሚስት ብዙ ፊኛ ስትነፋ ከታመሙ ከብቶች በሽታ ተላልፎባት ሞተች ይባላል። ባሏም ከዚህ በኋላ የላስቲክ ፊኛና መንፊያ መሣሪያ ሠራ። በድንጋይ ላይ ስሙ የተጻፈው የሮጠው ልጅ ነው፤ ኳሱን በትንፋሿ የሞላችው እናት ግን ድንጋይ አልቆመላትም።

ኑዛዜው የማን ነው?

ስለ ዌብ ኤሊስ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። አባቱ በእስፓኝ ጦርነት ላይ የሞተ መኰንን ነበረ። እናቱ መበለት ሆና ልጆቿን ይዛ ወደ ራግቢ ሄደች፤ በዚያ የተቀመጠ ሰው ልጁን ያለ ክፍያ ለማስተማር መብት ነበረውና። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀው ይህ ተማሪ የነጋዴውን የሸሪፍን እንጀራ የበላ ነበረ። እንደዚህች ሴት ያሉ ብዙ ቤተ ሰቦች ለልጆቻቸው ትምህርት ሲሉ ወደዚያች ከተማ ይፈልሱ ነበር።

ነገር ግን የኑዛዜው ቃል ቀስ በቀስ ጠበበ። ትምህርት ቤቱ በዋነኛነት የሚያስተምረው ላቲንና ግሪክ ነበር። የከተማዪቱ አንጥረኛና ባለ ሱቅ ግን ለልጁ የሚሻው ማንበብን፥ መጻፍንና ሒሳብን ነበር። በአርኖልድ ጊዜ ትንንሾቹን ልጆች ለከፍተኛው ትምህርት የሚያዘጋጀው ዝቅተኛ ክፍል ስለ ተዳከመ፥ ልጁን በሌላ ስፍራ ገንዘብ ከፍሎ ያላዘጋጀ የከተማዪቱ ነዋሪ በነጻው መብት ለመጠቀም አልቻለም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ነዋሪዎቹ ነገሩን በሎንዶን ወደ ዳኛ አቀረቡ፤ ዳኛውም የአርኖልድን ሥራ ነቀፈ። እነሆ፥ ታናናሾቹን እንዲጠብቁ ታላላቆቹን ያስተማረ ያ ታላቅ መምህር በደጁ ላሉት ለታናናሾቹ ቤተ ሰቦች በቂ አልሆነም። ሰው በአንድ በኩል ብርሃን ሆኖ በሌላው በኩል ጥላ ሊኖረው ይችላል።

በ1868 የእንግሊዝ ምክር ቤት ራግቢን ጨምሮ ስለ ሰባት ትምህርት ቤቶች አዲስ ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ደንብ የራግቢ ልጆች የነበራቸው የቆየ ነጻ መብት ተቀነሰ። በዚህ ፈንታ በ1878 ለከተማዪቱ ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙም ሎሬንስ ሸሪፍ ትምህርት ቤት ተባለ። ስለዚህ የነጋዴው ኑዛዜ ሁለት ልጆች ወለደ ማለት ነው። አንደኛው በከተማዪቱ ስም የሚጠራው፥ ከሩቅ ለመጡ ለሚከፍሉ ተማሪዎች የሆነው ነው። ሁለተኛው በነጋዴው ስም የሚጠራው፥ ለከተማዪቱና ለአካባቢዋ ልጆች የሆነው ነው። ይህ ሁለተኛው ዛሬም ልጆችን በመግቢያ ፈተና እየመረጠ ያለ ክፍያ ያስተምራል። ሸሪፍ ተነሥቶ ቢያይ ከሁለቱ የትኛውን ልጄ ይለው እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በስሙ የታወቀው ትልቁ ትምህርት ቤትም ነገሩን ጨርሶ አልረሳውም። ወላጆቻቸው መክፈል ለማይችሉ ልጆች የሚረዳ፥ በአርኖልድ ስም የተጠራ ድርጅት በ2003 አቋቁሟል። ከ400 ዓመት በላይ ለወንዶች ብቻ የነበረው በርም በ1975 ለመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሴቶች ተማሪዎች ተከፈተ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሁሉም ክፍል ሴቶች መማር ጀመሩ። በ1995 አንዲት ልጃገረድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሪዎች ሁሉ አለቃ ሆና በተሾመች ጊዜ አንዳንድ ወንዶች ልማዳችን ተጣሰ ብለው ተቃወሙ። ሹመቱ ግን ጸና። ከዚያ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች የሴት አለቃ ማየት ራሱ ልማድ ሆነ።

ስለ ሞቱት

ስለ ራግቢ ልማድ ሲነገር ሊታለፍ የማይገባው አንድ ስፍራ አለ። ይኸውም ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ለሞቱት የቀድሞ ተማሪዎች መታሰቢያ የተሠራው የጸሎት ቤት ነው። ከአንድ የትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት የወጡ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ጦርነት ሞቱ። ከእነርሱ አንዱ ባለ ቅኔው ሩፐርት ብሩክ ነበር። በ1887 በዚያው በራግቢ ተወለደ፤ አባቱም ከማደሪያዎቹ የአንዱ ኀላፊ መምህር ነበረ፤ በ1915 ወደ ጦር ግንባር ሲጓዝ በመርከብ ላይ በበሽታ ሞተ፤ በግሪክ ደሴትም ተቀበረ። ለአለቃ መታዘዝን፥ ለቡድን ራስን መስጠትን በጨዋታ ሜዳ የተማሩት ልጆች ያንኑ ትምህርት ይዘው ወደ ጦር ሜዳ ወረዱ። ልማድ የልጅን ነፍስ እስከ ምን ድረስ ይዞ እንደሚሄድ ይህ የስም ዝርዝር ያስረዳል። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ልማድ እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም።

ከዚህ የምንማረው

በአገራችን ከ1941 ወዲህ በተከፈቱት በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝ መምህራን አስተምረዋል። ከእነርሱ ጋራም የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ልማድ አብሮ ገብቷል፤ የክፍል አለቃ መሾም፥ ጧት ተሰልፎ መቆም፥ በቡድን ተከፍሎ መወዳደር የታወቁ ናቸው። ከውጭ የመጣ ልማድ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሁሉም መልካም አይደለም። የእኛም የቆየ ልማድ እንደዚሁ ነው። ስንዴ ከእንክርዳድ በወንፊት ይለያል እንጂ ከየት ማሳ መጣ ተብሎ በመጠየቅ አይለይም።

የራግቢ ታሪክ ሦስት ነገር ያሳየናል። አንደኛ፥ ታላቅ ልጅ በታናሹ ላይ ሥልጣን ሲሰጠው ኀላፊነትም አብሮ ሊሰጠው ይገባል። ልጅዎን በትምህርት ቤቱ አለቃ አድርገው የሾሙት እንደ ሆነ ስንት ልጅ እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን ስንት ልጅ እንደሚጠብቅ ይጠይቁት። ልጅዎ ታናሽ የሆነ እንደ ሆነም ስለ ማርኩ ብቻ አይጠይቁት፤ ከማን ጋራ እንደሚቀመጥ፥ ምሳውን ማን እንደሚበላበት፥ በመንገድ ማን እንደሚያስፈራራው ቀስ ብለው ይጠይቁት። የሊዊስ ካሮል ወላጆች ያላነበቡት ወረቀት ይህ ነበር።

ሁለተኛ፥ ያማረ ታሪክ ሁሉ እውነት አይደለም። በየትምህርት ቤታችን ስለ መሥራቾች፥ ስለ ቀድሞ ጀግኖች፥ ስለ ታላላቅ ግጥሚያዎች የሚወራ ብዙ ነው። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ተጠይቀው ቃላቸው ቢጻፍ መልካም ነው። በራግቢ ምርመራው የተጀመረው ነገሩ ሆነ ከተባለ ከ70 ዓመት በኋላ ስለ ነበረ ዓይን ምስክር አልተገኘም። የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ዘበኛ፥ ምግብ አብሳይና የደወል ደዋይ መጠየቅም አይረሳ፤ የእነርሱ ስም በድንጋይ ላይ አይጻፍምና።

ሦስተኛ፥ ሰው ከተማረበት ወጥቶ በሌላ አገር ቢከብር የወጣበትን መንደር ማስታወስ ይገባዋል። ሸሪፍ የንግሥት ነጋዴ ሆኖ ሳለ የራግቢን ልጆች አሰበ። ዛሬም ከትንሽ ከተማ ወጥተው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ሁሉም መሬት አይኖራቸውም፤ ነገር ግን ለተማሩበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ወይም ወንበር ወይም ለአንድ ልጅ የዓመት ደብተር መስጠት ከብዙዎቹ አቅም በላይ አይደለም። የሚሰጡም ሰዎች ከነጋዴው አንድ ብልኀት ይማሩ፤ የሚያልቀውን ሳይሆን የሚያፈራውን ይስጡ። ስጦታው ለማን እንደ ሆነም አጥርተው ይጻፉ፤ የሚጠብቁትንም ሰዎች ይምረጡ። ሸሪፍ «ለራግቢ ልጆች» ብሎ ባያጽፍ ኖሮ የከተማዪቱ ሰዎች በዳኛ ፊት የሚያቀርቡት ቃል ባልኖራቸው ነበር። የሞተው ሰው የተከራከረላቸው በዚያች በአንዲት መስመር ነው።